ኮዱ ልክ ነው፣ ታዲያ ለምን እንቢ አለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ሰው ያስገባውን ቁጥር ተቀብሎ ስኩዌር ሩቱን የሚያወጣ አጭር ኮድ ጽፌ ኡቡንቱ ላይ በጂሲሲ (የሲን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም በሚቀይረው መሣሪያ) ኮምፓይል ሳደርገው «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ ቱ ኤስኪውአርቲ» ይለኛል፤ ስኩዌር ሩት የሚያወጣውን ኤስኪውአርቲ የሚባል ፈንክሽን አላገኘሁትም ማለቱ ነው። የሒሳብ ፈንክሽኖች የሚታወጁበትን ፋይል፣ ማዝ ዶት ኤችን፣ ከላይ ኢንክሉድ አድርጌዋለሁ። ሰፈራችን መብራት ሲሄድ የላፕቶፔ ባትሪ ስለማይቆይ ኮዱን ደብተር ላይ ገልብጬ ሁሉ ፈተሽኩት። የገረመኝ ደግሞ ጓደኛዬ የኤስኪውአርቲ ቅንፍ ውስጥ በቀጥታ 25 ብሎ ሲጽፍ ሠራለት። የእኔ ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብተሩን ዝጋው፤ ኮድህ ልክ ነው። የስህተት መልእክቱን መጨረሻ መስመር አይተኸዋል? «ኤልዲ» የሚል አለበት። ኤልዲ የሊንከሩ ስም ነው፤ ሊንከር ማለት የኮድህን ፋይልና የሚጠራቸውን ፈንክሽኖች አገናኝቶ አንድ ፕሮግራም የሚያደርገው ነው። ኮምፓይለሩ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል።

«ኮምፓይል አደረግኩ» እንላለን እንጂ ጂሲሲ አራት ሥራ ነው በተራ የሚያሠራው። ፕሪፕሮሰሰሩ ኢንክሉድ ያልካቸውን ፋይሎች ጽሑፍ እንዳለ ኮድህ ውስጥ ይገለብጣል። ኮምፓይለሩ ሰዋስውንና ዓይነቱን አረጋግጦ ወደ አሴምብሊ (ለማሽን ኮድ የቀረበ ጽሑፍ) ይቀይረዋል። አሴምብለሩ ደግሞ ከዚያ የማሽን ኮድ የያዘ ኦብጀክት ፋይል ያወጣል። ሊንከሩ የመጨረሻው ነው፤ አንተም የተያዝከው እሱ ጋ ነው።

ማዝ ዶት ኤች ውስጥ የኤስኪውአርቲ ሥራ የለም። ያለው «እንዲህ የሚባል ፈንክሽን አለ፣ ደብል ተቀብሎ ደብል ይመልሳል» የሚል ማስታወቂያ ብቻ ነው (ደብል የነጥብ ቁጥር ዓይነት ነው)። የሰውየውን ስልክ ይዘሃል፣ ሰውየው ግን ገና አልመጣም። ኮምፓይለሩ ማስታወቂያውን አምኖ ቦታውን ክፍት ትቶ ያልፋል። በዓይንህ እንድታየው ጂሲሲን «ሰረዝ ሲ» ጨምረህበት አስኬደው፤ ያለ ምንም ስህተት ዶት ኦ ፋይል፣ ማለትም ያንን ኦብጀክት ፋይል፣ ይሰጥሃል። ያንን ፋይል «ኤንኤም» በሚለው ትዕዛዝ ክፈተው። ከሜይን (ፕሮግራምህ ከሚጀምርበት ፈንክሽን) ጎን «ቲ» ታያለህ፣ ማለትም እዚሁ አለ። ከኤስኪውአርቲ ጎን ያለው ግን «ዩ» ነው፦ ስሙ ተጠርቷል፣ ራሱ ግን እዚህ የለም። ውጤቱን የሚያትመው ፕሪንትኤፍም «ዩ» ነው፤ እሱ የማያስቸግርህ ጂሲሲ የሲን መደበኛ ላይብረሪ (የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስብስብ) ሳይጠየቅ ስለሚያገናኘው ነው። የሒሳቡ ላይብረሪ ግን ለብቻው ነው የተቀመጠው።

የጓደኛህ ለምን ሠራ? 25 የታወቀ ቁጥር ስለሆነ ጂሲሲ ገና ኮምፓይል ሲያደርግ ራሱ አስልቶ 5ን አስቀምጦለት ነው። ፈንክሽኑ ጭራሽ አልተጠራም። ይሄ ስንቱን ጀማሪ ግራ አጋብቷል መሰለህ!

መፍትሔው፦ ትዕዛዙ ላይ «ሰረዝ ኤልኤም» ጨምር፤ የሒሳቡን ላይብረሪ አገናኝልኝ ማለት ነው። ከኮድ ፋይልህ ስም በኋላ ይሁን እንጂ በፊት አታድርገው፤ ሊንከሩ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ፣ ፈላጊው ሳይመጣ ላይብረሪው ቀድሞ ከደረሰ አልፎት ይሄዳል፣ አንተም ያንኑ ስህተት ደግመህ ታያለህ።