ስለ ሳማ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

በአጥርዎ ሥር በየጊዜው እየበቀለ ያስቸገረዎት ሳማ ይበላ እንደሆነ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ይረዳል መባሉም እውነት ይሁን አይሁን ጠይቀዋል። ሳማ ይበላል፤ ቅጠሉም በብረት፣ በካልሲየምና በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው። የሚለበልበው በቅጠሉና በግንዱ ላይ ያሉት፣ እንደ መርፌ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ጥቃቅን ፀጉሮች ሲነኩ ጫፋቸው ተሰብሮ ሂስታሚንንና አሴቲልኮሊንን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ወደ ቆዳ ስለሚያስገቡ ነው፤ በፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ከቆየ ግን መለብለቡ ጠፍቶ እንደ ማንኛውም ጎመን ይበላል። ጓንት አድርገው፣ ከማበቡ በፊት፣ ጫፉ ላይ ያሉትን ለጋ ቅጠሎች ብቻ ይቅጠፉ፤ ካበበ በኋላ ቅጠሉ ይሻክራል።

ወደ ሕመሙ ስንመጣ፣ የታመመን መገጣጠሚያ በትኩስ ሳማ መለብለብ በጣም የቆየ ባህላዊ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ አገር ታትሞ የወጣ፣ የአውራ ጣት ሥር ሕመም ባለባቸው 27 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሕመሙ መቀነሱን አሳይቷል፤ ነገር ግን የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ፣ መለብለቡም ራሱን የቻለ ሥቃይ ስለሆነ፣ እኔ በበኩሌ ሳማን ከቆዳዬ ይልቅ ከድስቴ ጋር ማገናኘቱን እመርጣለሁ። የቅጠሉ ሻይ ሽንት እንዲበዛ ያደርጋል በሚልም ከጥንት ጀምሮ ሲጠጣ ኖሯል።

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ግን ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ሳማን አዘውትረው ከመመገብዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።