ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ወንድምሽ ደብረ ብርሃን ላይ ሩጫ አሸንፎ ፎቶውን ለጠፍሽ። አሜሪካ ያለው የአጎታችሁ ልጅ ሥሩ «ጎት» ብሎ ጻፈ። መዝገበ ቃላት ብታዪ «ፍየል» ይላል። አባትሽም «ልጄን ፍየል አለው» ብለው ተቀየሙ። ስድብ ነው ወይ ነው ያልሽው።

ስድብ አይደለም። እንዲያውም ከዚህ በላይ ሙገሳ የለም። «ግሬተስት ኦፍ ኦል ታይም» የሚለው ሐረግ የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹ (G፣ O፣ A፣ T) ሲገጣጠሙ «ጎት» ይሆናሉ። የምንጊዜውም ምርጥ ማለት ነው። ቦክሰኛው መሐመድ አሊ ራሱን «ግሬተስት» ይል ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ በእሱ ስም ለሚሠራው ሥራ ያቋቋመችው ድርጅት መጠሪያው እነዚሁ አራት ፊደላት ነበሩ። ዛሬ ልጆቹ መጻፉም ሰልችቷቸው የፍየል ምስል ብቻ ይልካሉ።

አባትሽ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ድሮ በአሜሪካ ስፖርት «ጎት» የሚባለው ሽንፈቱ ሁሉ የሚላከክበት ተጫዋች ነበር። ነገሩ ዘሌዋውያን 16 ላይ የሕዝቡን ኃጢአት ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ ከሚሰደደው ፍየል ጋር ይያያዛል። ያው ቃል ከስድብ ተነሥቶ ሙገሳ ላይ ወጣ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ጥቂት ዓመት እዚያው መንዝ ባለው ጥብቅ የሣር ምድር፣ ጓሳ ላይ እንግዳ አስጎብኝቻለሁ። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከክፍልና ከመዝገበ ቃላት ነው። ያዋረደኝም እሱ ነው። አንዷን አሜሪካዊት ጭላዳ ሣር እየጋጠ እንደሚኖር፣ ጓሳውንም የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ሲጠብቀው እንደኖረ እነግራታለሁ። ዓይኗን አፍጥጣ «ሻት አፕ!» አለችኝ። «ዝም በል» ብላኛለች ብዬ ዝም አልኩ። መንገዱን ሙሉ አልተነፈስኩም። ካምፕ ስንደርስ «ምን አስቀየምኩህ?» ትለኛለች። ለካ መገረሟ ነው። እኛስ ነገሩ ሲደንቀን «ውሸትህን ነው!» እንል የለ? ማን ዋሾ ተባልኩ ብሎ ይጣላል?

ሌላው ደግሞ ሻይ ነው። ፔርሙዙን ይዤ «ሻይ?» አልኩት አንዱን። «አይም ጉድ» አለ። ደህና ነኝ ብሎኛል ብዬ ቀዳሁለት። ጨረሰ፤ ደግሜ ጠየቅሁ። «አይም ጉድ።» ቀዳሁ። ምስኪን ሦስት ብርጭቆ ጠጣ። «ይበቃኛል፣ አልፈልግም» ማለቱ እንደነበር የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ቢገባኝም ኖሮ «በሞቴ» ብዬ መቅዳቴ አይቀርም ነበር፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

በዝናብ ቀን «ፓንትሴ ረጠበ» ያለኝ አሜሪካዊም ነበር። አፍሬ ፊቴን አዞርኩ። እሱ ሱሪውን ነው ያለው። ለእንግሊዞች ግን «ፓንትስ» እንደኛው የውስጥ ሱሪ ነው። ስለዚህ ተናጋሪው ከየት እንደሆነ ሳታውቂ አትፍረጂ።

አንቺም እኮ ይህን በአማርኛ ታውቂዋለሽ። የከተማ ልጅ «ያበደ ጫማ» ሲል እናቴ ሰምታ «ጫማም ያብዳል?» ብላለች። እንግሊዝኛው «ሲክ»ም እንዲሁ ነው። መዝገቡ ላይ የታመመ፣ በልጆቹ አፍ ያበደ፣ አሪፍ። ደግሞ ሁሉም ቃል በቀልድነቱ አይቀርም። «ኦኬ» በ1839 እ.ኤ.አ. የቦስተን ጋዜጣ ላይ ሲወጣ «ሁሉም ትክክል» የሚለውን «ኦል ኮሬክት» ሆን ብሎ በተሳሳተ ፊደል የመጻፍ ፌዝ ነበር። ዛሬ መንዝ ገበያ ላይ ነጋዴው ዋጋ ሲስማማ ኦኬ ይላል።

ስልክሽ ላይ «ኧርባን ዲክሽነሪ»ን ብትከፍቺ የአራዳውን ትርጉም ታገኛለሽ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ግን ማንም ገብቶ የፈለገውን ይጽፍበታል፤ ግማሹ ቀልድ፣ ብዙው ብልግና ነው። ከአባትሽ ጋር ተቀምጠሽ እንዳትከፍቺው። እኔ እዚያ ያየሁትን መደበኛው መዝገበ ቃላት ላይ እፈትሻለሁ። ጥሩዎቹ ከቃሉ ጎን «ስላንግ» (የአራዳ ቋንቋ) ወይም «ኢንፎርማል» (መደበኛ ያልሆነ) ብለው ምልክት ያደርጋሉ። ከምልክቱ ይልቅ ግን ምሳሌውን ዓረፍተ ነገር አንብቢ። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። ፈተናና የሥራ ማመልከቻ ላይ ግን ይህንን ቋንቋ ተዪው።

ለአባትሽ ደግሞ «ሮም ላይ በባዶ እግሩ እንዳሸነፈው እንደ ራሳችን የሰሜን ሸዋ ልጅ፣ እንደ አበበ ቢቂላ ነህ ማለቱ ነው» በያቸው። ፊታቸው ካልተፈታ የአጎትሽ ልጅ ሲመጣ አንድ የመንዝ በግ ይግዛላቸው። ፍየል እንዳይገዛ ብቻ።