ለተነካካ መኪና የጭስ ምርመራ፦ ጥያቄና መልስ

ቦሎ ሊያሳድሱ የተነሱ፣ መኪናቸውን ያስነካኩ (የፋብሪካውን ዕቃ ያስቀየሩ ወይ ያስወጡ) የድሬና የሐረር ልጆች ጠይቀዋል። ጠያቂዎቹን በየሰፈራቸውና በከተማቸው ስም ጠርተናቸዋል። ሳቢያን የሚሠራው መካኒካችን ይመልሳል።

ከዚራ፦ አቦ፣ ሴሊካ አለችኝ። ጭስ ማውጫዋን አስፍቼ ካታሊስቷን አስወጥቻለሁ። ታልፋለች?

መልስ፦ እንዲህ ሆና ለማለፍ ይከብዳታል። ብታልፍም አልመክርህም። ካታሊስት የማር እንጀራ የመሰለ ቀዳዳ ያለው ነገር ነው። ውስጡ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተቀባ ነው። መርዙን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚቀይርልህ እሱ ነው። «ጉልበት ይበላል» ይሏችኋል። ጉልበት የሚበላው የተደፈነው ነው። የጤነኛው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የወጣው እጅህ ላይ ካለ ዛሬውኑ አስመልሰው።

ሳቢያን፦ የእኔ ካታሊስት አለ፤ ግን ወደቅኩ። ምን ይሆን?

መልስ፦ «ምን ይሆን» ተብሎ ምን ይመለሳል? የሰጡህን ወረቀት አንብብ። የበዛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው ወይስ ሃይድሮካርቦን (ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚን)? የተለያየ በሽታ ናቸው።

ሳቢያን፦ ሞኖክሳይዱ ነው። ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ኦክስጅን ሴንሰር ቀይሬ ያው ሆነ። የጭስ ቱቦውን ከሞተሩ ጀምሮ አስበይጄዋለሁ።

መልስ፦ እሰይ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። ካታሊስት በደንብ የሚሠራው እዚያ ልክ አካባቢ ብቻ ነው። ቤንዚን ሲበዛ ሞኖክሳይድ ይበዛል። አሁን ብየዳህን አስብ። ከሴንሰሩ በፊት ትንሽ ክፍተት ካለ፣ ጭሱ የሚወጣው በምት በምት ስለሆነ በመሃል የውጭ አየር ይሳባል። ሴንሰሩ ያንን አየር ያይና «ቤንዚን አንሷል» ይላል። የመኪናው ኮምፒውተር አምኖ ቤንዚን ይጨምራል። አንተ ሴንሰር ትቀይራለህ፤ ሴንሰሩ ግን ምንም አልሆነም።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሳው። ጓደኛህ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ይያዘው። አንተ ብየዳው ላይ የሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋ ካወጣ አገኘኸው። ይሄን ደጅ ላይ ሥሩት፤ ዝግ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም! ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ደቻቱ፦ የሚፈቀደው መጠን ስንት ነው?

መልስ፦ ምርመራ ጣቢያውን ጠይቅ።

ሐረር፦ የእኔ ባለ ካርቡሬተር ናት፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅልላት ኮምፒውተር ሳይሆን እሱ ነው። ድሬ ላይ ደህና ነች፣ ሐረር ስትደርስ ጭሷ ይጠቁራል።

መልስ፦ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ገደማ። የደንገጎን ዳገት ስትወጣ አየሩ ይሳሳል። ካርቡሬተር ይሄን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደለመደው ያፈሳል። የምትመረመርበት ከተማ ላይ አስተካክላት። ደግሞ ሞተሩን ሞቅ አድርገህ ሂድ።

ከዚራ፦ ለካ የሐረር መኪና ሁሉ የሚያጨሰው ለዚህ ነው!

ሐረር፦ አቦ ተው! ፔጆ 404 ስንት ዘመን ታክሲ ሆና አገለገለችን። ያንተ ሴሊካ ጁገል ውስጥ መታጠፊያም አታገኝ።

ለገሃር፦ 404 የድሬም ናት፣ ለሐረር ማን ሰጣችሁ?

መልስ፦ ካታሊስት ሳይመጣ የተሠራች መኪና ይዛችሁ አትከራከሩ። ወደ ጥያቄው።

መጋላ፦ ሃይድሮካርቦን በዝቶብኛል። ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ቀይሬያለሁ።

መልስ፦ መጀመሪያ ካንዴላና ገመዱን እይ። አንድ ሲሊንደር ካልተኮሰ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ይወጣል። ካምሻፍቱ የውድድር ከሆነ ግን፣ በዝቅተኛ ዙር የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮች አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ይረዝማል። ቤንዚኑ በዚያ ያመልጣል። ወይ የድሮውን መልስ፣ ወይ ኮምፒውተሩን በሚያውቅ ሰው አስተካክል።

ለገሃር፦ ካታሊስት ለአንድ ቀን ተውሼ ባስገባስ? ወይ ለመርማሪው የሻይ ብለው?

መልስ፦ ካታሊስት አታውጡ ብያለሁ፣ ስንቴ ልድገመው? የሻይዋን ነገር ደግሞ ከእኔ ጋር አታንሳት። ያ ጭስ የሚገባው ከኋላህ ባጃጅ ላይ የተቀመጠች እናት ያቀፈችው ልጅ አፍንጫ ውስጥ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለችንን መኪና እንደ ዓይናችን ብሌን መያዝ አለብን።

ደቻቱ፦ ድሬ ሙቀት ናት፣ ሞተር ማሞቅ ለምን?

መልስ፦ የድሬ ፀሐይ ካታሊስት አያሞቅም! ሥራ የሚጀምረው 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ነድተህ ግባ። ወረፋ ላይ ቆሞ ይቀዘቅዛል፤ ተራህ ሲቃረብ ዙሩን ትንሽ ከፍ አድርገህ ያዘው።

መጋላ፦ ቱርቦ ባስገባስ?

መልስ፦ የዛሬ ጉዳይ አይደለም።

ሳቢያን፦ አረፋ አወጣ! ሁለተኛው ብየዳ ላይ። ነገ ልሂድ?

መልስ፦ ነገ አትሂድ። አስበይደው፣ የተመዘገበውን ስህተት ከኮምፒውተሩ አጥፋ፣ ከዚያ ጥቂት ቀን ንዳት። ኮምፒውተሩ የቤንዚኑን ልክ እንደገና መልመድ አለበት።