ሦስተኛውን ፊላመንት ከማብራትሽ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ የምትሠራበት ጂሲ-ኤምኤስ በናሙና ውስጥ ያሉ ኬሚካሎችን የሚለይ መሣሪያ ነው። «መብራት ሄድ መጣ ሲል ከርሞ ጂሲ-ኤምኤሳችን አስቸገረን። ፒኮቹ (ግራፉ ላይ የሚታዩት ጫፎች) እያነሱ መጡ። በአንድ ወር ሁለት ፊላመንት ተቃጠለ። ዛሬ ሦስተኛውን ገጥሜ ፓምፑን አስነሥቻለሁ። ላብራው?»

እህቴ፣ ዛሬ አታብሪው። ፓምፑ ሌሊቱን ይሥራ። አዮን ሶርሱም (ፊላመንቱ ያለበት ክፍል) በ230 ዲግሪ ይሙቅ።

ጥፋቱ የፊላመንቱ አይመስለኝም። ፊላመንት ቀጭን የተንግስተን ወይም የሬኒየም ሽቦ ነው። ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል። ኤሌክትሮኑ 70 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይዞ ሞለኪዩሉን ሲመታው አንድ ኤሌክትሮን ያስወጣበታል፤ ትርፉ ጉልበት ደግሞ ይሰባብረዋል። ለማስወጣቱ ብቻማ 10 ገደማ ይበቃ ነበር። 70 ላይ የምንሠራው የምናመሳክርባቸው ስፔክትረሞች ሁሉ በዚያው ስለተለኩ ነው። ይህ ሁሉ ግን አየር በሌለበት ነው። የጋለ ሽቦ ኦክስጅን ካገኘ አለቀለት። መስታወቱ የተሰነጠቀ አምፖል ሲበራ ቦግ ብሎ እንደሚጠፋው ማለት ነው።

ጠዋት መጀመሪያ የቫኪዩም ጌጁን (ውስጥ የቀረውን የአየር ግፊት የሚለካውን) እዪ። ንባቡ እንደ ወትሮው ከሆነ ብቻ ፊላመንቱን ለአጭር ጊዜ አብሪና ስክሪኑ ላይ በሞለኪዩል ክብደት ከተደረደሩት 18ን፣ 28ንና 32ን ተመልከቺ። 18 ውሃ ነው። 28 ናይትሮጅን፣ 32 ኦክስጅን ነው። ሁለቱ አራት ለአንድ ገደማ ሆነው ጎልተው ከታዩ አየር እየገባ ነው። ውሃ ፓምፑ በሠራ ቁጥር ይቀንሳል። አየር ግን ቀዳዳው እስካለ ድረስ ብትጠብቂውም አይቀንስም። ቁጥሮቹን ጠዋትም ማታም ደብተር ላይ ጻፊ።

አየር ከሆነ ፊላመንቱን አጥፊና ኮለሙ (ናሙናው የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ) ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ (ሞለኪዩሎቹን በክብደት ወደሚለየው ክፍል) ከሚገባበት ዳዶ ጀምሪ። እኔ በብዛት የምጠረጥረው እሱን ነው። ውስጡ ያለው የግራፋይትና የቬስፔል (ጠንካራ ፕላስቲክ) ፌሩል፣ ማለትም መገጣጠሚያውን የሚደፍነው ቀለበት፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። መብራት በሄደ ቁጥር ኮለሙ ያለበት ኦቨን ይቀዘቅዛል፣ ሲመጣ እንደገና ይሞቃል፤ ዳዶውም ቀስ በቀስ ይላላል። ኦቨኑና ኮለሙን ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ የሚያሻግረው መስመር ሲቀዘቅዙ በትንሹ አጥብቂው፣ ከሩብ ዙር አይለፍ። አብዝተሽ ካጠበቅሽው ፌሩሉ ይሰበራል።

ቀጥሎ የማስ ስፔክትሮሜትሩ በር ኦሪንግ (የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ቀዳዳ ስፈልግ ከርሜ፣ በመጨረሻ ኦሪንጉ ላይ ያገኘሁት ከጋዎን የወጣች አንዲት ክር ነበረች። ክር በማይተው ጨርቅ ጥረጊው፤ ጓንት አድርጊ።

አሁንም ካልተገኘ አርጎን ፈልጊ። ከተማው ውስጥ አርጎን ብየዳ የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ ሲሊንደሩን ከነሬጉሌተሩ ጠይቂያቸው። ክፍሉን አናፍሺ። ፊላመንቱን ለአጭር ጊዜ አብርተሽ፣ ስክሪኑ ላይ 40ን (የአርጎንን ክብደት) እየተከታተልሽ በየመገጣጠሚያው በስሱ ንፊበት። አርጎን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ ሂጂ። በየቦታው ጥቂት ሰከንድ ቆዪ። 40 ድንገት ዘለል ያለበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

አለቆችሽን ደግሞ የፓምፑንም ጭነት የሚችል ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ጠይቂልኝ። መብራት ሲመለስም ፊላመንቱን ወዲያው አታብሪ፤ ፓምፑ ቢያንስ አራት ሰዓት ይሥራ።

የጠዋትና የማታ ቁጥሮቹን ላኪልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን።