«ቤት ነበርኩ፤ ግን በሩን አልከፈትኩም»

ጥያቄ፦ «ከተጋባን አምስት ዓመት ሆነን፤ የሁለት ዓመት ልጅ አለን። የምሠራው በፈረቃ ስለሆነ ሌሊት ሠርቼ ቀን የምተኛበት ጊዜ ብዙ ነው። የባለቤቴ ታላቅ እህት ሳይደውሉ ባሻቸው ሰዓት፣ አንዳንዴም ሰው አስከትለው ይመጣሉ። እሱ ደስ ይለዋል፤ ‹ቤተሰብ ቀጠሮ አይዝም› ይለኛል። እኔ ግን የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። በቀደም ከልጄ ጋር ብቻዬን ሳለሁ ደወሉ ሲጮህ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ፣ ልጄን አቅፌ መኝታ ቤት ገባሁ። ትንሽ ቆይተው በስልክ ሲፈልጉኝ ስልኬ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ጮኸ። በር ላይ ሆነው ሰሙት። ከዚያ ወዲህ ፊታቸው ጠቁሮብኛል። አስቀድሞ ተነግሮኝ ሰው ሲመጣ እኮ እኔም ደስ ይለኛል። ሰው የማልወድ ክፉ ሴት ሆኜ ነው?»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄሽን ከእሱ በፊት የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር መልሶልሻል። ተነግሮት ሰው ሲመጣ ደስ የሚለው ሰው፣ ሰው ጠል አይባልም።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ኧርዊን አልትማን እ.ኤ.አ. በ1975 ስለዚህ ጉዳይ የጻፈው ሐሳብ ዛሬም ይጠቀሳል። ሰው አንዳንዴ መቀራረብ፣ አንዳንዴ ደግሞ ለብቻው መሆን ይፈልጋል። የሚያስጨንቀው ማን፣ መቼ እንደሚቀርበው የመወሰን አቅም ሲያጣ ነው። ዴቪድ ግላስ እና ጀሮም ሲንገርም እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ድንገት የሚመጣ ከፍተኛ ጩኸት አሰምተዋል። ከፊሎቹ «ካቃታችሁ ይህን ቁልፍ ተጫኑና ይቆማል፤ ባትጫኑት ግን እንመርጣለን» ተብለው ነበር። አብዛኞቹ አልተጫኑትም። ሆኖም በኋላ በተሰጣቸው ሥራ ላይ፣ ቁልፍ ካልነበራቸው የበለጠ ታግሠው ሠሩ፤ የሳቱትም ያነሰ ነበር። ማስቆም እንደሚችሉ ማወቃቸው ብቻ ጠቅሟቸዋል። አንድ እንግዳ ከመነሳቱ በፊት ሲደውል ለአንቺ የሚሰጥሽ ያችኑ ቁልፍ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ «ይምጡ» ነው የምትዪው።

ያንቺ ነገር ላይ ደግሞ እንቅልፍ ተጨምሯል። ሰውነት በተፈጥሮው ቀን ንቁ ስለሚሆን፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው እንቅልፉ አጭር ነው፤ በቀላሉም ይነቃል። በዚያ ላይ ደወሉ ሲጮህ ብትነጫነጪ አይገርመኝም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው እዚያ ነው። ደወሉ ሲጮህ እሱ ተነስቶ በር ይከፍታል፣ ይስማል፣ ይቀመጣል። አንቺስ? ከወለሉ ላይ መጫወቻ ትለቅሚያለሽ፣ ልብስ ትቀይሪያለሽ፣ ልጁን በአንድ እጅሽ አቅፈሽ በሌላው የሚቀርበውን ታዘጋጂያለሽ። ይህን አልጻፍሽልኝም፤ እንዲህ ካልሆነ ታርሚኛለሽ። በምክር ክፍላችን ግን «እንግዳ አስቸገረኝ» ብለው የሚመጡ ባልና ሚስት ዘንድ ደጋግሜ የማየው ይኸው ነው፦ ጨዋታው ለአንዱ፣ ጉድ ጉዱ ለሌላው። «ቤተሰብ ቀጠሮ አይዝም» ማለት የሚቀለው ደግሞ ጉድ ጉድ ለማይለው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መነጋገር ያለብሽ ከእሱ ጋር ነው። እንግዳ ሸኝታችሁ እንደተመለሳችሁ ግን አይሁን፤ ያኔ ሁለታችሁም ትነድዳላችሁ። ሁለታችሁም ያረፋችሁበት ቀን «እህትህ ለምን ይመጣሉ?» ሳትዪ ጀምሪ። «ሳልሰማ ሰው ሲመጣ እንቅልፌም ጉልበቴም ይሄዳል፤ በመምጣታቸው አልከፋም፣ ከመነሳታቸው በፊት አንተ ጋ ይደውሉ» በዪው። ስልኩ ለእሱ ይደወል ማለቴን ልብ በዪ። የፈረቃሽን ፕሮግራም በስልኩ ይያዘው፤ ተኝተሽ ከሆነ «ዛሬ አይመችም፣ ነገ ማታ ይሁን» የሚለው እሱ ይሁን። ለእህቱም የሚነግራቸው እሱ ነው። ይኸው ቃል ካንቺ ከወጣ «ፊት ነሳችን» ይሆናል፤ ከወንድማቸው አፍ ሲወጣ ግን ተራ የቤት ጉዳይ ነው። እሱ ቤት እያለ ድንገት ከመጡ ደግሞ ጉድ ጉዱ የእሱ ይሁን። ሁለት ሦስቴ ራሱ ሲነሳ «ቀጠሮ» የሚባለው ነገር ትርጉም የሚሰጠው ይመስለኛል።

መደበቅሽን በተመለከተ፣ የገዛ በርን አለመክፈት ወንጀል አይደለም። ለአንቺ ግን አይበጅሽም። ሰው ከፈራው ነገር ሲሸሽ ወዲያው ቀለል ይለዋል፤ ያ እፎይታ መሸሽን ያስለምደዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደወሉ የበለጠ ያስፈራዋል። ልጅሽም ደወል ሲጮህ እናቱ እንደምትሸሽ እያየ ያድጋል። ስለዚህ ከፍተሽ እውነቱን ተናገሪ፦ «እንኳን መጡ፣ ሌሊት ሠርቼ ስለማድር ልተኛ ነው፤ ሌላ ቀን ብንጫወትስ?» ቤቱ ካልተስተካከለም አይስተካከል። ቶማስ ጊሎቪች እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። ተማሪዎቹ በክፍሉ ካለው ሰው ግማሽ ያህሉ ሥዕሉን አስተውሏል ብለው ገመቱ፤ ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። የተዝረከረከውን ከሁሉ በላይ የምታዪው አንቺ ነሽ።

ስልኩ ሲጮህ የሰሙትን የባለቤትሽን ታላቅ እህት በተመለከተ ዝም አትበዪ፤ ዝምታሽን ንቀት አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ። ሰበብም አትፍጠሪ። «የዚያን ቀን ቤት ነበርኩ፤ ድካም ላይ ስለነበርኩ ሰው ፊት መቅረብ አቃተኝ። ከፍቼ ይህንኑ ማለት ነበረብኝ፤ ይቅርታ» ይበቃል። ከዚያ ራስሽ ቀን ቆርጠሽ ጥሪያቸው። ደጋግሞ ሳይደውል የሚመጣ ሰው አንዳንዴ «ልደውል» ቢል «አይመችም» መባልን የሚፈራ ነው፤ የታወቀ ቀን ሲኖረው ይረጋጋል። ያም ሆኖ ካላቆሙ፣ ካንቺ ምሬት ይልቅ የወንድማቸው ሁለተኛ ቃል ይሠራል።

አንድ ነገር ተከታተዪ። የጠራሻቸው እንግዶች እንኳ ሲመጡ ልብሽ የሚመታ፣ ቀደም ሲል የምትወጂያቸውን ሰዎች የምትሸሺ ከሆነና ይህ ለወራት ከዘለቀ፣ ጉዳዩ ከእንግዳ አልፏልና የሥነ ልቦና ባለሙያ በአካል ማየት ይኖርብሻል። የደብዳቤሽ አኳኋን ግን ያን አይመስልም።

ከባለቤትሽ ጋር ስትስማሙም ጥብቅ ሕግ አታውጡ። ጭንቅ ይዞት፣ መርዶ ሰምቶ ወይም ከቤቱ ተጣልቶ የመጣ ሰው «ለምን አልደወልክም» አይባልም፤ እንዲህ ላለው ሰው ማን እንደሚነሳለት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንቺ ተኝተሽ ከሆነ እሱ ይነሳል።