ፍልሰት በምን ይጠናል? ጥያቄና መልስ ከጣና ዳር

መምህር፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንደምታውቁት ባሕር ዳር ነኝ፣ ሥራዬ የጣና ዓሣ ነው፤ በተለይ ክረምት ላይ ከሐይቁ ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ። ባለፈው ሳምንት እዚህ ቡድናችን ውስጥ "የዓሣን፣ የወፍንና የሰውን ፍልሰት የሚያጠኑ ሰዎች የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው ወይ?" የሚል ክርክር ተነስቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። ዛሬ እስከ ማታ እዚሁ ነኝ፤ ጠይቁ። አደራ፣ ማን፣ ከየት ወደ የት፣ በየትኛው ወቅት የሚለውን አስገቡበት። እነዚህ ከሌሉ መልስ የለኝም።

የዘጌ ልጅ፦ መምህር እንደምን አሉ። ዓሣ ውሃ ውስጥ ነው፣ አይታይም። ነሐሴ ላይ ከጣና ወጥቶ ጉማራ ወንዝ መግባቱን በምን ታውቃላችሁ? አስጋሪ ነግሯችሁ ነው?

መምህር፦ አስጋሪዎች ከእኛ ቀድመው ያውቁ ነበር፣ እውነት ነው። ግን "ይወጣል" ማለት ብቻውን አይበቃም። ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ሌቢዮባርበስ የሚባል ወገን ነው፤ ጣና ውስጥ ወደ 17 ዝርያዎች ተለይተዋል፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለሚለያቸው አብዛኞቹ ሌላ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ይወጣል፣ የትኛው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይቀራል? ይህን ለማወቅ ዓይኑ የተለያየ መረብ ይዘህ ወንዙ አፍ ላይ ትጥላለህ፣ ራቅ ብለህ ደግሞ ወደ ላይ፣ እንቁላል የሚጥልበት ጠጠር ጋ ትጥላለህ፣ በየወሩ ትመላለሳለህ። ከዚያ ሆዱ ይከፈታል። ሐምሌ ላይ ወንዙ አፍ አካባቢ የተያዘች እንስት እንቁላሏ ሞልቷል፣ ግን ብትጫናት አይወጣም። መስከረም ላይ ጠጠሩ ጋ የተያዘችው ሆዷን በአውራ ጣት ነካ ስታደርጋት ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ የምትይዛት የእንቁላል ከረጢቷ ባዶ፣ የተጨማደደ ነው። ሦስቱን ስታያይዝ ነው መንገዱ የሚታይህ።

ሁለተኛው መንገድ የጆሮ ድንጋይ ነው። የዓሣ ጭንቅላት ውስጥ፣ ከአንጎሉ ሥር፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ነጭ ድንጋይ አለች። ዓሣው ባደገ ቁጥር ድንጋይዋ ላይ ሽፋን ይጨመራል፤ በጨቅላ ዓሣ ላይ የየቀኑ ክብ እንኳ ይቆጠራል። ሙጫ ላይ አጣብቀህ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልክ ፈግፍገህ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ታደርጋታለህ። ትንሽ ካበዛኸው መሐሉ ይጠፋና ልፋትህ ገደል ገባ። የሚገርመው ግን ክቦቹ ውስጥ ያለው ኬሚካል ነው። ዓሣው የኖረበት ውሃ ውስጥ ያለ ስትሮንሺየም የሚባል ንጥረ ነገር እዚያው ይቀመጣል፤ ሳልሞን የሚባለው ከወንዝ ወደ ባሕር የሚሄድ ዓሣ የትኛው ወንዝ ላይ እንደተፈለፈለ፣ መቼ ባሕር እንደገባ የሚታወቀው በዚህ ነው። የሚሠራው ግን ወንዞቹ በኬሚካል ከተለያዩ ብቻ ነው። ሁለት ወንዝ አንድ ዓይነት ድንጋይ ላይ ከፈሰሰ ድንጋይዋ አትለያቸውም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፦ ዘዴው የሚያሳይህ ሊያይ የሚችለውን ብቻ ነው። ያላየው ነገር የለም ማለት አይደለም።

አዲስ አባል፦ ፍልሰት በሳይንስ እንዴት ይጠናል?

መምህር፦ የማን ፍልሰት? ከላይ ያልኩትን አንብብና ተመለስ።

የጂኦግራፊ ተማሪ፦ ለምን ዓሣው ላይ ጂፒኤስ አታስሩም? ቀላል አይሆንም?

መምህር፦ የሳተላይት ምልክት ውሃ ውስጥ አይዘልቅም። ለዓሣ ድምፅ የሚሰጥ መለያ ሆዱ ውስጥ ይቀመጥና ውሃ ውስጥ የተተከሉ መቀበያዎች ሲያልፍ ይሰሙታል። ጥልቀት በሌለው ወንዝ ሬዲዮም ይሠራል። መቀበያ የሌለበት ቦታ ካለፈ ግን አልሄደም ማለት አይደለም።

ፎገሬው፦ እኛ ጋ ኅዳር ላይ ማሳው ላይ የሚሰፍሩት ረጃጅም ግራጫ ወፎች፣ ክሬን የምትሏቸው፣ ከአውሮፓ ነው የሚመጡት የሚባለው እውነት ነው? ማን አይቶ?

መምህር፦ እውነት ነው። ኢስቶኒያና ፊንላንድ ላይ መከታተያ የታሰረባቸው ክሬኖች እስከ ኢትዮጵያ ተከትለዋቸዋል። ዝርዝሩን ወፍ ተከታይ ይንገርህ፣ የእሱ ሙያ ነው።

ወፍ ተከታይ፦ እሺ መምህር። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ወፍ በብርዱ ወራት ጭቃ ውስጥ ይተኛል የሚሉ ነበሩ። በ1822 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ አንገቱ ላይ የአፍሪካ ጦር የተሰካበት ሽመላ ተገኘ፤ ጦሩን ይዞ ነው የበረረው። በ1899 ደግሞ ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር ቁጥርና አድራሻ የተጻፈበት ቀለበት የወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ። ቀለበት ርካሽ ነው፣ ግን ሰው ካላገኘልህ ዋጋ የለውም። መከታተያው ውድ ነው፣ ግን ያረፈበትን ሁሉ ይነግርሃል። የኛዎቹ ክሬኖች በቱርክና በእስራኤል በኩል አድርገው እንደሚመጡ የታወቀው በዚያ ነው።

ፎገሬው፦ ይሁን። ግን ማሳችን ላይ ሲያርፉ የሚከፍለን አለ? የኢስቶኒያ ወፍ የፎገራን ገበሬ እህል በልቶ ይሄዳል፣ እናንተ ቀለበት ታስራላችሁ።

ወፍ ተከታይ፦ ወንድሜ፣ አብዛኛው የሚለቅሙት አጨዳ ላይ የረገፈውን ነው።

ፎገሬው፦ አብዛኛው ትላለህ። ቀሪውስ? መጥተህ ከእኔ ጋር ጠብቅ።

የጂኦግራፊ ተማሪ፦ እናቱ ገበሬ የሆነች ሰው እዚህ ብዙ ነው፣ ጥያቄው ተገቢ ነው።

መምህር፦ ተገቢ ነው። የሚፈታው ግን በቆጠራ ነው፦ ስንት ወፍ፣ የትኛው ማሳ ላይ፣ ከአጨዳ በፊት ነው በኋላ። ያለዚያ ሁለታችሁም እስከ ፋሲካ ትከራከራላችሁ። ወደ ጥያቄ ተመለሱ።

የጂኦግራፊ ተማሪ፦ የሰውስ? ሰሊጥ ሲደርስ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርደው ወጣት በምን ይጠናል?

መምህር፦ ይሄ የሥነ ሕዝብ ሰዎች ሥራ ነው፣ ግን ስለሚያሳስበኝ ልመልስ። ራቨንስታይን የሚባል ሰው በ1885 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ የሕዝብ ቆጠራ ተነስቶ የፍልሰት ሕጎች ብሎ ጻፈ፤ አብዛኛው ሰው የሚሄደው አጭር ርቀት ነው የሚለው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከዚያ ወዲህ ዋናው መሣሪያ ቆጠራ ነው፦ የት ተወለድክ፣ እዚህ ስንት ዓመት ኖርክ። እኛ አገር የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አሁን አስቡት፦ አንድ ልጅ ጳጉሜን ላይ ወርዶ፣ ሰሊጥ አጭዶ፣ ለገና ቤቱ ቢመለስ ቆጠራው እንዳልተንቀሳቀሰ ሰው ነው የሚያየው። በየዓመቱ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ወባው፣ ዕዳው፣ ያልተከፈለው ደመወዝም ከእሱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሄዶ መነኸሪያ ላይ ቆሞ መጠየቅ፣ በዓመት ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ያንኑ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ከ2010ሩ የሄይቲ መሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በሞባይል መረጃ የሰውን እንቅስቃሴ ተከታትለዋል፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን ሲም ካርድ ሰው አይደለም። ሁለት ሲም የያዘ አለ፣ ምንም የሌለው ደግሞ ያ የሚያሳስበን ልጅ ሊሆን ይችላል። አለመታየት አለመኖር አይደለም።

ሌላ አባል፦ አንበጣስ?

መምህር፦ ሙያዬ አይደለም። ከነፋስ ጋር ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የነፋስ ካርታና የመስክ ቅኝት ነው። የግብርና ሰዎችን ጠይቅ።

የታሪክ ሰው፦ መምህር፣ የዘረመል ጥናት ቅድመ አያቶቻችን ከየመን መምጣታቸውን አረጋግጧል፣ አይደል?

ሌላ አባል፦ የለም! ከዚህ ነው የሄዱት። የሰው ዘር መነሻ የት ሆኖ ነው?

የታሪክ ሰው፦ እሱ ሌላ ዘመን ነው፣ አታደበላልቀው።

መምህር፦ ተው፣ ሁለታችሁም ወቅቱን አልጠቀሳችሁም። ከአፍሪካ የወጣው ሰውና የቀይ ባሕሩ መመላለስ በአሥር ሺዎች ዓመታት ይራራቃሉ። ዘረመል የሚነግርህ ማን ከማን ጋር እንደተዛመደ ነው፣ በየት በኩል እንደሄደ አይደለም። ጋሞ ደጋ ሞታ ዋሻ ውስጥ ከተገኘ፣ ወደ 4,500 ዓመት ገደማ ከሆነው ሰው ሙሉ ዘረመል በ2015 እ.ኤ.አ. ተነበበ፤ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ምን እንደተቀላቀለ ማነጻጸሪያ ሰጠ። አንድ ሰው ራሱ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ ግን ከጥርሱ ነው የሚታወቀው። የጥርስ ሽፋን የሚሠራው በልጅነት ነው፣ ከዚያ አይታደስም፤ ያደገበት መሬት ስትሮንሺየም እዚያ ይቀራል። የተቀበረበት መሬት ከጥርሱ ጋር ካልተስማማ ከሌላ ቦታ መጥቷል። ከላይ የጆሮ ድንጋይ ያልኩት ያው ዘዴ ነው። ቋንቋ ደግሞ ሰው ብዙም ሳይንቀሳቀስ ሊዛመት ይችላል። ከዚህ በላይ የታሪክ ክርክር ውስጥ አልገባም።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ መምህር፣ ዓሣ ላይ ጂፒኤስ ቢታሰር አይሻልም?

መምህር፦ መልሻለሁ። ከላይ አለ። እባካችሁ ሳታነቡ አትጠይቁ።

የጎርጎራው አስጋሪ፦ ልጄ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ታንኳ ላይ ነኝ። ክረምት ላይ ወንዝ አፍ መረብ አትጣሉ ትላላችሁ። ዓሣ የሚገኘው ያኔ ነው። ልጆቼ ምን ይብሉ?

መምህር፦ አባቴ፣ ጥያቄዎ እውነት ነው፣ ችላ ብዬ አላልፈውም። ዓሣው ከመውጣቱ በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል፤ ያኔ የሚጣል መረብ ገና ያልወለደችውን ከነእንቁላሏ ይዟት ይወጣል። በሞተር ጀልባ ማስገር ከተጀመረ ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሆነውን እርስዎ ከእኔ የበለጠ አይተዋል። ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት አሥር ዓመታት በጥናት መረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ በክብደት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። በታንኳ ሐይቁ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚያሰግር ሰው አይደለም ይህን ያደረገው። የእኔ ልመና ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ወንዝ አፍና ጠጠሩ ላይ ብቻ ነው። ሐይቁ ክፍት ነው። ለእነዚያ ሳምንታት ለአስጋሪው ማካካሻ ሊኖር ይገባል፤ እኔም በየስብሰባው የምለው ይህንኑ ነው።

የዘጌ ልጅ፦ ጠጠሩን ደግሞ ለግንባታ እየጫኑት ነው።

መምህር፦ አዎ! ይህን ማንም አይጠይቀኝም። እንቁላሉ የሚያድገው ንጹሕ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር መሐል ነው። ጠጠሩ ከተነሳ ወይም ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ አየር ያጣል። ዓሣው በሰላም ቢወጣ እንኳ የሚወልድበት የለውም።

የጎርጎራው አስጋሪ፦ እንግዲያው እኛ የምናየውን ብንጽፍላችሁ ይጠቅማል?

መምህር፦ በጣም እንጂ። ደብተር ይያዙ፤ ካልተመቸዎት ልጆቹ ይጻፉ። ቀኑን፣ ወንዙን፣ የመረቡን ዓይን ስፋት፣ ዓሣው ስንት እንደሆነ፣ ሆዱ ሲነካ እንቁላል ይፈስስ እንደሆነ። ከሁሉም በላይ መረብ ጥላችሁ ምንም ያልያዛችሁበትን ቀንም ጻፉ፤ ሁሉም ሰው የሚዘለው እሱን ነው፣ ያለ እሱ ግን ዓሣው መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳቆመ አይታወቅም። ከሰኔ ማብቂያ ጀምሩ፣ ኅዳር ላይ መጥቼ እወስዳለሁ።