ዓሣ በሌለበት ሐይቅ ላይ ጫጩት ማሳደግ

ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ነጭ ፔሊካን የሚጠይቁ ናቸው። የሌሎቻችሁን ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አሳድሬ ዛሬ እሱኑ እናውራ።

መምህር፣ እኔ ባቱ ላይ በመረብ ዓሣ አሰግራለሁ። ፔሊካኖቹ ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው መጥተው ዳር ዳሩን ይጠርጉታል። ያን የሚያህል ከረጢት ሞልተው ከሄዱ ለእኛ ምን ሊተርፈን ነው?

ወንድሜ፣ ያ ከረጢት አገልግል አይደለም፣ ወንፊት ነው። ፔሊካን ዓሣ ቋጥሮበት አይበርም። መንቁሩን ውሃ ውስጥ ሲነክር የታችኛው መንጋጋው ወደ ግራና ቀኝ ይለጠጥና ቆዳው ከ10 ሊትር የማያንስ ውሃ ከነዓሣው ሊዘግን ይችላል። ይህን ተሸክሞ መነሳት አይታሰብም።

ሐዋሳ አሞራ ገደል ከሄድክ አንዱን ለይተህ ተመልከተው። ከዘገነ በኋላ የመንቁሩን ጫፍ ወደ ደረቱ አጥፎ ያቀረቅራል። ውሃው በመንቁሩ ጠርዝና ጠርዝ ይንዠቀዠቃል፣ ተነፍቶ የነበረው ቢጫ ቆዳም ቀስ እያለ ይሟሽሻል። ውሃው ሲያልቅ ራሱን ወደ ላይ ቀና ያደርግና ይውጣል፤ ዓሣው በአንገቱ ሲወርድ እብጠቱን በዓይንህ ትከተለዋለህ። ምላሱ ኢምንት ናት፤ ትልቅ ብትሆን መንገድ ትዘጋበት ነበር።

ወንዱ እስከ 15 ኪሎ ሊመዝን የሚችል ወፍ ነው፤ በቀን የሚበቃው ግን ከ1 ኪሎ ትንሽ ከፍ የሚል ዓሣ ነው። ደግሞም መጥለቅ አይችልም። ከቆዳው ሥር የታቀፈው አየር ከውሃው በላይ ይዞ ያስቀረዋል፣ ስለዚህ አንገቱና መንቁሩ ከሚደርሱበት በታች ያለው ዓሣ ለእሱ የለም። ተሰልፈው የምታያቸውም ለዚህ ነው፦ ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሣውን ወደ ጥልቀት የለሹ ዳር ይነዱና ሁሉም በአንድ ጊዜ መንቁራቸውን ይነክራሉ። ዳሩን መጥረጋቸውን አልክድህም። ግን ቆሮሶ (ቲላፒያ) በሚራባበት ወቅት የሚጣለው ዓይነ ጠባብ መረብ፣ ዓሣ ዕንቁላሉን የሚጥልበት የሸምበቆና የፊላ መጨፍጨፍስ? ከወፉ ጋር ሒሳብ ከመተሳሰብህ በፊት የጎረቤትህን መረብ ዓይን ለካ።

መምህር፣ ከአርሲ ነገሌ ነው የምጽፈው፣ ተማሪ ነኝ። ሻላ ሐይቅ ዓሣ የለውም ይባላል። ፔሊካኖቹ ታዲያ ለምን ደሴቱ ላይ ይፈለፍላሉ? አባቴ «ድሮ ሰማዩ ነጭ ነበር» ይለኛል።

ልጄ፣ ፔሊካን ለዕንቁላሉ የሚፈልገው ሰላም እንጂ ምሳ አይደለም። ምሳ ሄዶ ማምጣት ይቻላል።

ነጭ ፔሊካን የሚፈለፍለው መሬት ላይ ነው። ጎጆው ለወጉ ያህል ነው፦ ጥቂት ጭራሮ፣ ጥቂት ላባ፣ አንዳንዴ ያም የለም። ዕንቁላሉን የሚያሞቀው በሰፊው እግሩ ነው። ጅብ ወይም ቀበሮ በእግሩ መድረስ ከቻለ አንድ መንጋ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ሻላ ደግሞ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሐይቅ ነው፣ ድንጋያማ ደሴቶቹም መሀል ውሃ ላይ ናቸው። ውሃው ጨዋማና ሶዳማ ነው፣ ዓሣ እምብዛም የለውም። ዓሣ ከሌለ አስጋሪ አይመጣም፣ ታንኳ አይመጣም፣ ሰው አይመጣም። እኛ ጉድለት የምንለው ነገር ነው ለዕንቁላሉ አጥር የሆነው። ከአባ ኮዳና ከጥንብ አንሳ ግን አያድነውም፤ እነሱ በክንፋቸው ነው የሚመጡት፣ ወላጅ ከጎጆው ዘወር ካለ ዕንቁላልም ጫጩትም ይወስዳሉ።

ምሳው ከጎረቤት ነበር። አቢጃታ ሐይቅ ጥልቀት የለውም፣ በቆሮሶም የተሞላ ነበር፤ ከሻላ የሚለየው የፊኬ ተራራ ብቻ ነው። ፔሊካን በክንፍ ምት ብዙ መሄድ ይከብደዋል፤ ከ3 ሜትር በላይ የሚዘረጋው ክንፉ ለመንሳፈፍ የተሠራ ነው። ስለዚህ ማልዶ አይነሳም። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩ ሽቅብ መውጣት እስኪጀምር ይጠብቅና እየተሽከረከረ ከፍ ይላል፣ ተራራውን ይሻገራል፣ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ ይወርዳል። ተሰልፎ መብረሩም ጉልበት ይቆጥብለታል። ሴኔጋል ውስጥ የልብ ምት መለኪያ በተደረገላቸው ነጭ ፔሊካኖች ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ተሰልፈው ሲበሩ ልባቸው ብቻቸውን ከሚበሩበት ጊዜ ከ11 በመቶ በላይ ዝግ ብሎ እንደሚመታ አሳይቷል።

የሻላውን መንጋ የወፍ ተመራማሪዎቹ ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጥንተው በ1969 ጽፈውበታል። ፔሊካን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዕንቁላል ይጥላል፣ ለክንፍ የሚበቃው ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ነው። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ የሚፈለፈለው ጫጩት ላባ የለውም፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ይጠቁራል። ከፍ ሲል ራሱን እስከ አንገቱ ወላጁ ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ይበላል። ቀጥሎ የሚሆነው ያስደነግጣል፦ ጫጩቱ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ክንፉን ያራግባል፣ የገዛ ክንፉን ይነክሳል፣ የሚጥል በሽታ የያዘው ይመስላል። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ተነስቶ ይሄዳል። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ሳቅ አይችሉም ነበር፤ እኔ ግን ሌሎቹን ገፍቶ «እኔን ብቻ እዩኝ» የሚልበት መንገድ ይመስለኛል።

ጫጩቱ እስኪበር ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል፤ ያን ያህል ጊዜ እናትና አባት ይመላለሳሉ። አሁን የአባትሽን ነገር እንመልከተው። አቢጃታን በዋናነት የሚሞላው ከባቱ ሐይቅ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ነው። ውሃው ለመስኖ ተጠለፈ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አመድ ተሳበ። አቢጃታ ሸሸ፣ ጨውነቱ በረታ፣ ቆሮሶው አለቀ። ለሻላ ጫጩት የሚሆን ዓሣ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ከባቱ ወይም ከሐዋሳ ነው፣ ያም ተራራ የመሻገር ሳይሆን ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር የመመላለስ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የባቱው ወንድማችን «ዓሣዬን ጨረሱ» ከሚላቸው መካከል ጎረቤታቸው የደረቀባቸው ይኖራሉ።

ኬንያ ላይ ተቃራኒው ሆኗል። ናኩሩ ሐይቅ ውስጥ ጨው የሚችል ትንሽ ቆሮሶ ሰው ካስገባ በኋላ ፔሊካኖች ጎረፉ፣ ጫጩታቸውን ግን አጠገቡ ባለው ኤልሜንቴይታ ድንጋያማ ደሴቶች ላይ ማሳደግ ጀመሩ። እዚያም ምሳው ሌላ ቤቱ ሌላ ነው።

መምህር፣ ፔሊካን ደረቱን ወግቶ በደሙ ልጆቹን ያጠጣል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? — ዲያቆን፣ ከጎንደር

ምሳሌው የቆየ ነው፤ ከግሪክ ወደ ግእዝ በተመለሰው ፊሳልጎስ በተባለው የእንስሳት ምሳሌ መጽሐፍም አለ። ወፉ ግን ደረቱን አይወጋም። ለባቱው ወንድሜ እንደነገርኩት መንቁሩን ደረቱ ላይ ተጭኖ ውሃ ያፈስሳል፣ የነጭ ፔሊካን መንቁር ጫፍ ላይ ያለችው ቆልማማ ጥፍር ደግሞ ቀይ ናት። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ይህ ይበቃል። ለትምህርት የቆመውን ምሳሌ እዚያው ለትምህርቱ ይተዉት።

እኔ እስራኤል፣ ናታንያ ነው የምኖረው። በመኸር ብዙ ፔሊካን ከላያችን ያልፋል፤ ዘመዶቼ «የእኛዎቹ ናቸው፣ አገራቸው ሊገቡ ነው» ይላሉ። እውነት ሐዋሳ የማውቃቸው ናቸው?

እኅቴ፣ ዝርያቸው አንድ ነው፣ የትውልድ ቦታቸው ግን ይለያያል። እርስዎ የሚያዩዋቸው አብዛኞቹ ሮማኒያ ውስጥ ዳኑብ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ረግረግ የተፈለፈሉ ናቸው። ከባሕር ላይ ሽቅብ የሚወጣ ሞቃት አየር ስለማይገኝ ሜዲትራንያንን በዳር ዞረው በእስራኤል በኩል ያልፋሉ፣ ከዚያም በሲናይና በግብፅ አድርገው ወደ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ረግረጎች ይወርዳሉ። የሐዋሳና የሻላዎቹ እዚሁ ስምጥ ሸለቆ የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ ለዘመዶችዎ «አፍሪካ ገቢ ናቸው» ቢሏቸው ይሻላል።

በሰሜን እስራኤል ያለው የሁላ ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከደረቀ ወዲህ መንገደኞቹ የሚያርፉት የዓሣ እርባታ ኩሬዎች ላይ ሆነ፣ ባለ ኩሬዎቹም ተማረሩ። መንግሥት መፍትሔ ያለው ዓሣ ገዝቶ ማብላት ነው፤ ከናታንያ ብዙ በማይርቀው ኤሜክ ሔፌር፣ ሚሽማር ሀሻሮን አጠገብ ባለ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ዓሣ ይጨመርላቸዋል። በጥቅምት ከሰዓት በኋላ፣ አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምርና ከላይ መንሳፈፍ ሲያቅታቸው ብቅ ይበሉ። መነጽር ካልዎት ይያዙ። ቡናማዎቹ የዚያን ዓመት ልጆች ናቸው።